ዩኒፎርሙን ማን ሰቀለው?

ውድ ልጆቼ፣

በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ደዋዩ አንዳንዴ የወዳጅ ልጅ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ እናትየው ናት። ልጁ አሜሪካ ኮሌጅ ገብቶ የዩኒቨርሲቲውን ማርሽ ባንድ ተቀላቅሏል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የግሪክ ፊደል ያለበት ቲሸርት የለበሱ ልጆች መጥተው «እኛ ጋ ግባ» ብለውታል። «ጋሼ፣ ልግባ?» ይለኛል። እናትየው ግን ጥያቄም የላትም። «በል ተው በልልኝ!» ነው የምትለው።

እናቶችን አልፈርድባቸውም። ፍራተርኒቲ፣ በግሪክ ፊደል የሚጠራው የወንድ ተማሪዎች ማኅበር፣ ሲባል የሚታያቸው ፊልም ላይ ያዩት ነው። ትልቅ ቤት፣ ቢራ፣ ጩኸት። ቴክሳስ ውስጥ ብዙ ዓመት የባንድ መምህር ሆኜ ስለሠራሁ ነገሩን ከቅርብ አይቼዋለሁ። የባንዶቹ ማኅበራት ሌላ ዓይነት ናቸው። የሚውሉት የባንዱ መለማመጃ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራቸውም ባንዱን ማገልገል ነው። ቢያንስ ሲመሠረቱ እንዲያ ነበር። እናንተም የምትመዝኗቸው በዚሁ ቢሆን እወዳለሁ።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው። በኅዳር 1919፣ ኦክላሆማ ውስጥ ስቲልዋተር በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ነበር። የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ዊልያም ስክሮግስ የሚባል የባንዱ ተማሪ አንድ ሐሳብ መጣለት። ከባንዱ ጎበዝ ጎበዞቹ ተሰባስበው ባንዱን የሚያግዙበት ማኅበር ይኑር አለ። ሐሳቡን ለባንዱ መሪ ለቦሁሚል ማኮቭስኪ አቀረበ። አሥር ልጆች ተመረጡና ካፓ ካፓ ሳይ ተመሠረተ።

ማኮቭስኪ እዚያ አገር የተወለደ አልነበረም። በወጣትነቱ ከቦሄሚያ፣ ከዛሬዋ ቼክ፣ የመጣ ስደተኛ ነው። ኮሌጁ ውስጥ ከ1915 ጀምሮ እስከ 1943 ባንድ መርቷል። የእሱን ነገር ሳስብ ሁሌም ትዝ የሚለኝ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ ልጆች አዲስ አበባ ላይ የመራው አርመናዊ። ስደተኛ አገር ሲገባ ትራንፔት ይዞ ቢገባ ጥሩ ነው መሰለኝ። ይህ እንግዲህ ከርዕሴ ውጪ ነው፤ የሽማግሌ ወግ ብላችሁ እለፉት።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው የሴቶቹን ታሪክ ነው። ያኔ የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ባንድ የወንድ ብቻ ነበር። የሚሺጋን ማርሽ ባንድ ሴት ያስገባው በ1972 ነው፣ ኦሃዮ ስቴት ደግሞ በ1973። እዚህ ቴክሳስ፣ ላበክ ከተማ ባለው ቴክሳስ ቴክ ግን ከዚያ ብዙ ቀድመው የሚነፉ ሴቶች ነበሩ። ካፓ ካፓ ሳይ ደግሞ ያኔ የወንዶች ብቻ ነበር። ዋቫ ቤይንስ የምትባል ተማሪ ጓደኞቿን አስተባብራ ዲ. ኦ. ዋይሊ ወደሚባለው የባንዱ መሪ ሄደች። የሴቶች ማኅበር እንዲኖር ጠየቀች። ማንም ቻርተር፣ ማለትም የምሥረታ ፈቃድ፣ ሳይሰጣቸው በፊት ሥራውን ጀመሩት።

አገር አቀፍ ለመሆን ሲነሡ የቴክሳስ ሕግ አላስኬድ አላቸው። በኦክላሆማ በኩል ግን ይቻላል ተባለ። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የመጀመሪያነቱን ለኦክላሆማ ሴቶች ለቀቁላቸው። ታው ቤታ ሲግማ በመጋቢት 1946 ስቲልዋተር ላይ ተመሠረተ። «አልፋ» የሚለውን ስም የኦክላሆማው ቅርንጫፍ ወሰደ። ሐሳቡን ያፈለቁት የቴክሳስ ቴክ ልጆች «ቤታ» ሆኑ። ሁለተኛ ማለት ነው። በእኛ ማኅበር ቢሆን ኖሮ በዚህ ብቻ ሦስት ዓመት እንጣላ ነበር! ሊቀመንበርነት ለማን እንደሚገባ ስንከራከር ዕቃው ሳይገዛ የፈረሰ ማኅበር እኔ ራሴ አውቃለሁ። እነዚያ ልጆች የፈለጉት ሥራው እንዲኖር ነው። ኖረም።

ሥራው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ቅዳሜ ማታ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ባንድ ክፍሉ ሄዳችሁ እዩ። ሁለት መቶ ልጅ ሙቀት ውስጥ ውሎ ላብ በላብ ሆኖ ይገባል። ኮቱ ወፍራም ነው፣ ባርኔጣው የራሱ ሳጥን አለው፣ ላዩ ላይ የሚሰካው ላባ ለብቻው ይቀመጣል። ሁሉም ነቅሎ ጥሎ ወደ ምግብ መሮጥ ነው የሚፈልገው። በሩ ላይ ግን ዝርዝር የያዘች አንዲት የማኅበሩ ልጅ ቆማለች። ቁጥሩን ታያለች፣ ሱሪው በመስመሩ መታጠፉን ታያለች፣ አንዱን ቁልፍ የጣለውን መልሳ ትልከዋለች። ሌላው ሱዛፎኖቹን፣ ትከሻ ላይ የሚጠመጠሙትን ትልልቅ የነሐስ መሣሪያዎች፣ እየጠራረገ ወደ መኪና ይጭናል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ መጨረሻ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ኖታ ማባዛት፣ ነሐሴ ላይ ልምምድ ሜዳው ድረስ ውኃ ማመላለስ፣ እንግዳ ባንድ ሲመጣ መቀበል፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ይህ ሁሉ የእነሱ ነው። ልክ እንደ እድር ነው፤ ድንኳኑን ማን እንደተከለው የሚጠይቅ የለም፣ ያልተተከለ ቀን ግን ሁሉም ያያል።

ትልልቅ ነገርም ሠርተዋል። ከ1947 ጀምሮ ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የተመረጡ ተማሪዎች በብሔራዊ ጉባኤያቸው ላይ አንድ ላይ የሚጫወቱበት ባንድ አላቸው። ለባንድ አዳዲስ የሙዚቃ ሥራዎችም ያስደርሳሉ። ጨረቃን መጀመሪያ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እያለ ባሪቶን የሚባለውን የነሐስ መሣሪያ ይነፋ ነበር፤ የካፓ ካፓ ሳይ አባልም ነበር። ይህችን ለእናንተ ሳይሆን ለእናቶቻችሁ ነው ያስገባኋት።

«ወንድ ልጅ ሶሮሪቲ፣ የሴቶች ማኅበር፣ ሊገባ ይችላል እንዴ?» የሚለኝም አለ። ይችላል። በ1972 የወጣው ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ ከለከለ። የቤትና የድግስ ማኅበራቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሕጉ ነፃ ተደረጉ፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ለየብቻ የቀሩት። የባንዶቹ ግን በ1977 በራቸውን ለሁለቱም ከፈቱ። ዛሬ ካፓ ካፓ ሳይ ውስጥ ሴቶች፣ ታው ቤታ ሲግማ ውስጥ ወንዶች አሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። በኅዳር 2011 የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ባንድ ኦርላንዶ ላይ ከጨዋታ በኋላ፣ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ አንድ የ26 ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ተደብድቦ ሞተ። የባንዱ መሪዎች ከሆኑት ተማሪዎች አንዱ ነበር። ያ የእነዚህ ማኅበራት ሥርዓት አልነበረም፣ በባንዱ ውስጥ የተለመደ ክፉ ልማድ ነው። አገር የሚያደንቀው ባንድ እስከ 2013 ድረስ ታገደ። ልጁ ግን አልተመለሰም። ሁለቱም ማኅበራት እንዲህ ያለውን ነገር በደንባቸው ይከለክላሉ። ደንብ ግን አውቶቡስ ውስጥ አብሯችሁ አይገባም። ስለዚህ ማንም ሰው «ወንድም ለመሆን» መመታት አለብህ፣ መጠጣት አለብህ፣ ሌሊቱን ቆመህ ማደር አለብህ ካላችሁ፣ አትከራከሩ። ተነሥታችሁ ውጡ፣ ዕለቱን ለባንዱ ዳይሬክተር ንገሩ። «ሁላችንም አልፈንበታል» የሚለው ንግግር ከሁሉ የባሰው ነው። ያለፈበት ሁሉ ስላለፈበት ብቻ ትክክል ይመስለዋል።

ልግባ ወይስ አልግባ ላላችሁኝ መልሴ እንግዲህ ይኸው። ቲሸርቱን አትዩ። አንድ ወር ያህል ዝም ብላችሁ ባንድ ክፍሉን ተመልከቱ። ፊደሉን የለበሱት ከልምምድ በኋላ ወንበር ያነሳሉ ወይስ ጥግ ይዘው ያወራሉ? አዲስ የገባውን፣ ኖታ ማንበብ የከበደውን ልጅ ያግዙታል ወይ? ክፍያው ስንት እንደሆነ በግልጽ ይነግሯችኋል? ክፍያ አለ፣ የመግቢያም የየዓመቱም፤ ቤተሰብ ሳይነግራችሁ የሚከፍለው ዕዳ እንዳይሆን ቀድማችሁ ጠይቁ። ውጤታችሁ ከወረደም ለአንድ ሴሚስተር ቆዩ። ማኅበሩ የትም አይሄድም፤ ኬሚስትሪ ነው የሚያመልጣችሁ።

ትምህርት ቤታችሁ ቅርንጫፍ ከሌለው ደግሞ ቴክሳስ ቴክ እንዳደረጉት አድርጉ። ሦስት አራት ሆናችሁ የባንዱን ዳይሬክተር ቢሮ አንኳኩ። «ማኅበር እንመሥርት» ብላችሁ አትጀምሩ። «ቅዳሜ ማታ መኪናውን ማን ይጭናል?» ብላችሁ ጠይቁት። እስካሁን ራሱ ነው የሚጭነው።