ከመስፋትዎ በፊት ቁስሉን ይለኩ

ጥያቄ፦ በገጠር ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። በድብድብ የተጎዳ ሰው ፖሊስ ይዞ መጣ። ግንባሩ ላይ ያለው ቁስል ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለነበር «በስለት የተቆረጠ» ብዬ ጽፌ ሰፋሁት። ምስክሮች ግን የተመታው በዱላ ነው አሉ። አሁን ፍርድ ቤት ተጠርቻለሁ። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ እኔም በዚሁ ተሳስቻለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ራሱን የተፈነከተ ሰው ሰፍቼ «ስለት» ብዬ ጻፍኩ። ዳኛው «ስንት ሴንቲሜትር ነበር? ውስጡስ ምን አዩ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ማስረጃውን በገዛ እጄ ሰፍቼ ዘግቼዋለሁ። በዚያ ወረቀት የሰው ዕድል እንደተንጠለጠለ ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ግንባር፣ ቅንድብና ራስ ቅል ላይ ቆዳው አጥንት ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ዱላ ሲያርፍበት በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ሊሰነጠቅ ይችላል። ልዩነቱ ውስጡ ነው። በጥሩ ብርሃን የቁስሉን ጠርዞች ቀስ አድርገው ይክፈቷቸው። ከወዲያ ወዲህ የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች ካዩ፣ ያልተበጠሱ የደም ሥሮችና ነርቮች ናቸው። ስለት እነዚህን አይተውም፤ ዱልዱም ነገር ግን ይተዋል። ጠርዙ ተላልጦና በልዞ እንደሆነም ይዩ።

ስለዚህ ያዩትን ይጻፉ፤ «ከቀኝ ቅንድብ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ 5 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ ጠርዙ የተላላጠ» ብለው። ማን እንደመታው የሚናገረው ተጎጂው ነው፤ ያንን በራሱ ቃል ያስፍሩት። ቁስሉን ብቻ አይተው አይሸኙት፣ እጁንም ይዩ። ዱላ ሲሰነዘርበት ክንዱን ያነሳ ሰው በትንሿ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል፤ የተሰነዘረበትን ስለት በእጁ የያዘ ደግሞ መዳፉ ሊቆረጥ ይችላል።

በለዝ ያታልላል። በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ስለሚችል በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ መልሰው ይዩት። ቀለሙን አይተው «የሦስት ቀን ነው» አይበሉ፤ ቀለም ቀን አይቆጥርም። የተጎጂውን ልብስ ሲቀድዱ በተበሳው ቦታ አይቅደዱ፤ ደም የነካውን አድርቀው በወረቀት ከረጢት ያኑሩት፣ ላስቲክ ያሻግተዋል።

አንድ ነገር ልለምንዎ፦ የተደፈረች ሴት ስትመጣ «መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» አይበሏት። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል።

ፍርድ ቤት ሲቀርቡ መዝገቡን አይሰርዙ፣ አይደልዙም። «ጠርዙ ቀጥ ያለ ነበር፤ ውስጡን ግን አልመዘገብኩም፤ በዚህ ብቻ ስለት ነው ወይም ዱላ ነው ማለት አልችልም» ይበሉ።