ሃሪኬኖች «በዙ» ወይስ «ባሱ»?

ጥያቄ፦ በዜና ላይ የአየር ንብረት ለውጥ ሃሪኬኖችን «አመጣ»፣ «አበዛ»፣ «አባባሰ» ሲባል እሰማለሁ። ሦስቱ አንድ ናቸው? የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ግሱ ሲቀየር የሚነገረው ነገርም ይቀየራል።

«አመጣ»ን ይተዉት። ሃሪኬን፣ ማለትም ከሞቃት ባሕር ላይ የሚነሳው ብርቱ አውሎ ነፋስ፣ የፋብሪካ ጭስ ሳይኖርም ነበረ። የባሕሩ ገጽ ሙቀት 26 ዲግሪ ተኩል ገደማ ደርሶ ነፋሱም ከተመቸ ይነሳል።

«አበዛ» ስለ ቁጥር ነው የሚያወራው፤ ብዙ ጸሐፊ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ የሚነሱት እንዲህ ያሉ አውሎ ነፋሶች ቁጥር በግልጽ መጨመሩ አልተረጋገጠም። የጨመረው የብርቱዎቹ ድርሻ ነው። እሱም ቢሆን በጥንቃቄ ይነገራል። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ ከምድብ 3 እስከ 5 የሚመደቡት (ምድቡ በነፋሱ ፍጥነት ነው፤ 5 ከሁሉም ብርቱው) ድርሻ ሳይጨምር አልቀረም ይላል። «ጨምሯል» ብለው አያሳጥሩት። «ሳይጨምር አልቀረም» የምትለው አነጋገራችን የሳይንቲስቶቹን ልክ በደንብ ትይዛለች፤ ዜና ላይ ግን እምብዛም አላያትም።

እኔ የምመርጠው «አባባሰ»ን ነው። «ባሰ» የሚባለው ቀድሞም ደህና ያልነበረ ነገር ነው። «ባሰበት» የምንለው ለታመመ ሰው እንጂ ለጤነኛ አይደለም። የሳይንሱም ነገር እንዲሁ ነው። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል። ያ ሁሉ ውሃ ተመልሶ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው ሃሪኬን ቴክሳስ ላይ ቀናት ሙሉ አልነቃነቅ ብሎ፣ አንዳንድ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አወረደ። የመረመሩት ሳይንቲስቶች የምድር መሞቅ ዝናቡን ቢያንስ 15 በመቶ ገደማ ሳይጨምርበት አልቀረም ብለዋል። ስለዚህ «ሃርቪን አመጣው» ስህተት ነው፤ «የሃርቪን ዝናብ አባባሰው» ትክክል ነው።

«በረታ»ስ? ለነፋሱ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኦቲስ የተባለው ሃሪኬን በአንድ ቀን ውስጥ ከተራ አውሎ ነፋስነት ወደ ምድብ 5 ደርሶ የሜክሲኮዋን አካፑልኮ ሲመታ፣ «በረታ» እንዲያውም ያንስበታል። ለጎርፉ ግን አይሆንም። የባሕሩ ወለል ከፍ ስላለ ብቻ፣ ነፋሱ እንደ ድሮው ሆኖ ውሃው ርቆ ሊገባ ይችላል። ያኔ የበረታ ነፋስ የለም፤ ጉዳቱ ግን ብሷል።