ሦስት ጊዜ አስወርጃለሁ፤ መውለድ እችል ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ስሜ ይቅር። 29 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ጎንደር አዘዞ አካባቢ ነው። ሦስት ጊዜ አስወርጃለሁ። የመጀመሪያው ግቢ ተማሪ እያለሁ ነው። ጓደኛዬ የጠቆመችኝ ሴት ቤት ሄጄ የሆነ ነገር ማህፀኔ ውስጥ አስገባችልኝ፣ ከዚያ ሳምንት ሙሉ አተኮሰኝ፣ ግን ፈርቼ ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ሁለተኛው በክኒን ነው፣ ሦስተኛው ጤና ተቋም በመሣሪያ። አሁን ካገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የሦስት ወሩን መርፌ ካቆምኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ፣ እስካሁን ምንም የለም። አማቴ «ፀበል ብንሄድስ ልጄ» ማለት ጀምረዋል። ባሌ ስላለፈው ነገር አያውቅም። ማህፀኔ ተበላሽቶ ይሆን? ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ደግ አደረግሽ የጻፍሽልን። በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሦስት ጊዜ ማስወረድ ብቻውን ሴትን መካን አያደርግም። በትክክለኛው መንገድ፣ በሠለጠነ ባለሙያ፣ በክኒንም ይሁን በመምጠጫ መሣሪያ የተቋረጠ ፅንስ ከዚያ በኋላ የመውለድ ዕድልን አይዘጋም። እንዲያውም ብዙ ሴቶች የማያውቁት፣ ካስወረዱ በኋላ ወር አበባ እንኳ ሳይመጣ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ማርገዝ ይቻላል። ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ብዙም አያሳስቡኝም።

የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ነው። ያ የሳምንት ትኩሳት ማህፀንሽ ማመርቀዙን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። በንጹሕ ያልተያዘ ነገር ማህፀን ውስጥ ሲገባ ተህዋሲያን ይዞ ይገባል፣ ሳይታከም ከቀረ ደግሞ ወደ ማህፀን ቱቦዎች ይወጣል። ቱቦዎቹ በጣም ቀጫጭን ናቸው። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ቱቦውን ሊያጠብ ወይም ጭራሽ ሊዘጋው ይችላል፣ ያኔ እንቁላሉና የወንዱ ዘር አይገናኙም። ሴትየዋ ግን ምንም አይሰማት፣ ወር አበባዋ በየጊዜው ይመጣል፣ ጤነኛ ነኝ ብላ ትቀመጣለች። ይህን ጉዳት ሳያስወርዱም ጨብጥና ክላሚዲያ ያመጡታል። ስለዚህ «አስወርዳ ነው» ብሎ መፍረድ ለብዙ ሴት ግፍ ነው።

ሌላው የሚያሰጋው በስለታም ብረት የሚደረገው የድሮው ማህፀን ጠረጋ ነው። የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ሲፍቀው ግድግዳው እርስ በርሱ ሊጣበቅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ መንገድ ቀርቶ በመምጠጫና በክኒን እንዲተካ የሚመክረው ለዚህ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ወር አበባሽ በጣም ከቀነሰ ወይም ጭራሽ ከቆመ ለሐኪምሽ ንገሪ። ይህም ቢሆን መታከም የሚችል ነገር ነው።

መርፌውን አትርሺው ደግሞ! የሦስት ወሩ መርፌ ከሌሎች መከላከያዎች ይለያል፣ ካቆምሽው በኋላ ከሰውነት እስኪወጣ ይቆያል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ አንድ ዓመት የሚፈጅባቸው ጤነኛ ሴቶች ብዙ ናቸው። ክንድ ላይ የሚቀበረውና ሉፕ እንዲህ አያዘገዩም፣ በወጡ ማግሥት ማርገዝ ይቻላል። እና ዘጠኝ ወር ገና ተስፋ የሚያስቆርጥ ጊዜ አይደለም። በተለምዶ ሐኪም ምርመራ የሚጀምረው ዓመት ከተሞከረ በኋላ ነው። አንቺ ግን ያ ትኩሳት ስላለ ዓመት አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሂጂ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማህፀንና ፅንስ ክፍል አለ፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ቱቦሽ ክፍት መሆኑ የሚታየው ቀለም ተጨምሮ በሚነሳ ራጅ ነው። የሚነሳው ወር አበባ ካለቀ በኋላ ባሉት ቀናት ነው፣ ያምማል ግን አጭር ነው። ካርድ ስታወጪ ብቻሽን ግቢ፣ ለሐኪሙ ሦስቱንም ሳትደብቂ ተናገሪ፣ በተለይ ትኩሳቱን። ያለ ፈቃድሽ ለባልሽ የመናገር መብት የለውም። ለባልሽ መንገር አለመንገር የራስሽ ውሳኔ ነው፣ እኔ በዚያ አልገባም።

ባልሽ ግን ይመርመር። እሱ ሳይመረመር አንቺ ብቻ መንገላታት የለብሽም። ልጅ ያጡ ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ ችግሩ በወንዱም በኩል አለበት፣ የዘር ፈሳሽ ምርመራው ደግሞ ከአንቺው ምርመራ እጅግ የቀለለ ነው። ቤታችን ውስጥ ሁሌ ጣት የሚቀሰረው በሚስት ላይ መሆኑ ያናድደኛል።

አማትሽ ፀበል እንሂድ ካሉ ሂጂ፣ እምነትሽ ነው፣ ሕክምናውን ግን አታቋርጪ። ማህፀን ያጥባል ተብሎ የሚሰጥ ቅጠልና ሥር ወደ ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ሌላ ቁስል ነው።

ቱቦዎቹ ተዘግተው ቢገኙስ? ያኔም አላለቀም። እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ ማህፀን ውስጥ የማስቀመጥ ሕክምና አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ ይሰጣል። ወጪና ጊዜ ይጠይቃል እንጂ መንገዱ አለ።

የደም ዓይነትሽንም አስመርምሪ። ኔጌቲቭ ከሆንሽና ካስወረድሽ በኋላ ሾተላይን የሚከላከለው መርፌ ካልተሰጠሽ፣ ይህ ችግር ቀጣዩን ልጅ ሊያገኘው ይችላል።

ይህን የምታነቡ የግቢ ልጆችም አላችሁ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 መሠረት በመደፈር፣ በዘመድ መካከል በተደረገ ግንኙነት፣ የእናት ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ ወይም እናትየዋ ለአካለ መጠን ሳትደርስ አካሏና አእምሮዋ ልጅ ለማሳደግ ሳይዘጋጅ ፅንስ ማቋረጥ ይፈቀዳል። ለተደፈረች ሴት ቃሏ በቂ ነው፣ የፖሊስ ወረቀት አትጠየቅም። ሰው ቤት አትሂዱ። አስወርዳችሁ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም የማይቆም ደም ካያችሁ፣ የትም ይሁን የተሠራው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ግቡ። ከደረሰ በኋላ ለሚደረግ ሕክምና ማንም እንዴት አስወረድሽ ብሎ አይመልሳችሁም።

ለአንቺ ደግሞ የመጨረሻው ይኼ ነው። ያረገዝሽ ቀን አትዘግዪ፣ ወር አበባሽ በቀረ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ አልትራሳውንድ ተነሺ። የተጎዳ ቱቦ ውስጥ ፅንስ ሊቀር ይችላል። ወር አበባሽ ቀርቶ በአንድ ጎን ሆድሽን ሹል ሕመም ከያዘሽ፣ ካዞረሽ ወይም ትከሻሽን ካመመሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ድረሺ።