ከፓነል ወደ ካሜራ፦ ለጅማ ወጣት ፊልም ሠሪዎች

ይድረስ በጅማ ሆናችሁ የሱፐርሂሮ ኮሚክ ወደ ፊልም ለመቀየር ለምታስቡ ልጆች። እንደምን ከረማችሁ?

ብዙዎቻችሁ ሥራውን የምትጀምሩት ከአልባሳቱና ከድብድቡ ነው። አልፈርድባችሁም፤ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ኮሚክን ኮሚክ የሚያደርጋት ግን በሁለት ሥዕሎች (ፓነሎች) መካከል ያለችው ነጭ ክፍተት ናት። አንዱ ፓነል ላይ ቡጢ ይሰነዘራል፣ በሚቀጥለው ሰውየው ተዘርሯል። መሃሉን የሞላው አንባቢው ነው፣ ያውም በራሱ ፍጥነት። በፊልም ያቺን ክፍተት የምትሞሏት እናንተ ናችሁ፤ የሥራው ክብደትም እዚያ ነው ያለው።

ስፓይደርማንን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የመጀመሪያ ታሪኩ 11 ገጽ ብቻ ነበር (የፊልሞቹም ዓመት በዚሁ አቆጣጠር ነው)። ጀግናው ፒተር ፓርከር ሌባ በአጠገቡ ሲሮጥ እያየ ያሳልፈዋል፤ ምክንያቱ ትዕቢት ነው። ኋላ ያው ሌባ አጎቱን ይገድላል፣ መርዶውንም የሚነግረው ፖሊስ ነው። የ2002ቱ ፊልም ይህን ከሁለት ቦታ ነካካው። ፒተር የገባበት የትግል ውድድር አዘጋጅ ቃል የተገባውን 3,000 ዶላር ከልክሎ 100 ዶላር ብቻ ይሰጠዋል፤ ልጁ ገንዘቡ እንደሚያስፈልገው ሲያስረዳው «እኔን ምን አገባኝ» ዓይነት መልስ ይመልስለታል። ወዲያው አዘጋጁ ራሱ ይዘረፋል። ፒተር ሌባውን ያሳልፍና ያንኑ መልስ ለአዘጋጁ ይመልስለታል። ተመልካቹ በልቡ «እሰይ!» ይላል። ከዚያ አጎትየው ሲሞቱ ፖሊስ ደጅ ላይ ቆሞ አይነግረንም፤ ልጁ መንገድ ላይ ወድቀው አግኝቷቸው እጃቸውን ይዟል። ቅድም እሰይ ያለው ተመልካችም አብሮ ባለዕዳ ሆነ።

ስፓይደርማን የሚወረውረው ድር በኮሚኩ የሚወጣው ልጁ ከሠራው መሣሪያ ነበር፣ በፊልሙ ከእጁ አንጓ ሆነ። አንባቢዎች በዚህ ብዙ ተነታርከዋል። ለእኔ ይህ ከለውጦቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። ጸጸቱን ቢያወጡት ኖሮ ግን የሚቀረው ቀይና ሰማያዊ የለበሰ አክሮባት ነበር።

ሥራውን በወረቀት ጀምሩ። አንድ የአሜሪካ ኮሚክ እትም ከ20 እስከ 22 ገጽ ገደማ ነው፤ በገጽ አምስት ፓነል ብታስቡ 100 ያህል ሥዕል እጃችሁ ላይ አለ። የስክሪፕት አንድ ገጽ ደግሞ በግምት አንድ ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ የ15 ደቂቃ ፊልም ከ15 ገጽ አይዘልም። እያንዳንዱን ፓነል በአንድ ዓረፍተ ነገር ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉና «ይህ ቢወጣ ጀግናው የሚከፍለው ዋጋ ይጎድላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልጎደለ አውጡት። ስምንት ወይም አሥር ትዕይንት ከቀራችሁ በቂ ነው። ሐሳብ የተጻፈባቸውን አረፋዎች ለብቻ ሰብስቡ፣ ራስ ምታቱ እነሱ ናቸው። «ፈርቻለሁ» የሚለውን በተራኪ ድምፅ ማስነገር ስንፍና ነው፤ ቁልፉን የበሩ ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት ሁለቴ ሲስት አሳዩን።

ኮሚኩ የሌላ ሰው ከሆነ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ወደ ሌላ ቅርጽ የመቀየር መብት የደራሲው ነው። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ ለየትኛው እትም፣ ለስንት ጊዜ፣ ምን ምን መቀየር እንደምትችሉ ይጻፍበት።

ሥዕሉን እንዳለ መገልበጥ ታማኝነት ይመስላል፣ ግን አይደለም። ዎችመን በ12 እትም የወጣ ኮሚክ ነው፤ አብዛኛው ገጹ በዘጠኝ ሳጥን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ እንደ ሰዓት ይመታል። የ2009ኙ ፊልም ብዙዎቹን ሥዕሎች በጥንቃቄ ቀዳ፣ ምቱን ግን አላመጣም። የ2003ቱ ሀልክ ፊልም ደግሞ ስክሪኑን እንደ ገጽ ሲከፋፍለው ዓይን ማረፊያ ያጣል። በ2018 የወጣው አኒሜሽን፣ ስፓይደር ቨርስ፣ የተሻለ ነገር አሰበ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ በጫካው ትዕይንት ልምድ ያለውን ፒተርን በ24 ሥዕል፣ ጀማሪውን ስፓይደርማን ማይልስን በ12 አንቀሳቀሱት። ልጁ ገና እንዳልበሰለ ማንም ሳይናገር ገባን።

ስለ ባላጋራው አንድ ነገር ልበል። በብላክ ፓንተር ፊልም ባላጋራው ኪልሞንገር የሚያነሳው ጥያቄ እውነት አለው፤ ይህን ሁሉ ሀብት ይዛችሁ ወገናችሁ ሲበደል የት ነበራችሁ ነው የሚለው። ንጉሡ፣ ማለትም ብላክ ፓንተር፣ ሰውየውን ያሸንፋል፣ ጥያቄውን ግን ስላላሸነፈ የአገሩን በር ይከፍታል። በ2007ቱ ሦስተኛው ስፓይደርማን ሦስት ባላጋራ 139 ደቂቃ ውስጥ ተጨናንቆ ለአንዱም አልደረሰም። በ15 ደቂቃ አንድ ይበቃችኋል።

የብላክ ፓንተር ድንበር ጠባቂዎች የሚለብሱት ብርድ ልብስ ከሌሶቶ የባሶቶ ሕዝብ የተወሰደ ነው፤ በውጊያ ጊዜ ጋሻ ስለሚሆን ጌጥ ብቻ አልሆነም። እናንተም የጅሬንን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከኋላ አቁማችሁ ብትቀርጹ ፖስትካርድ ነው የሚወጣችሁ። ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ግን በመጀመሪያው ትዕይንት አያትየው ተቀምጠውበት፣ በመጨረሻው ባዶውን ከታየ ሥራ ሠራ።

የሚለጠጥ ጨርቅ መብራት ሲመታው ያብለጨልጫል፣ ጉልበትና ብብት ላይ ይጨማደዳል። ልብስ ሰፊ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሜትር ገዝታችሁ በምትቀርጹበት መብራት ሥር በካሜራችሁ እዩት። ድፍን ጥቁር ማታ ላይ ይጠፋል፤ ጥቁር ግራጫ አድርጉትና ከጀርባ መብራት ስጡት። ጭንብል ፊትን ስለሚወስድ ተዋናዩ በአንገቱና በትከሻው መናገር ይልመድ። ወሳኙ ትዕይንት ላይ ግን የሚያወልቅበት ምክንያት ፈልጉለት።

የጅማን ዝናብ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም። ደመናው ለፊት ጥሩ ነው፣ ጥላን ያለሰልሳል። ጠላታችሁ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ዝናብ ከጀመረ ንግግሩ አለቀለት፣ ማይክ ብታስጠጉም አይድንም። ንግግር ያለበትን ትዕይንት ኮርኒስ ወዳለው ክፍል ውሰዱ፣ ዝናብ ሲመጣ የምትቀርጹት ንግግር የሌለው ሾትም ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይቆያችሁ። ተዋናዩ ሳይለያችሁ፣ በዚያው ቀን፣ ጸጥ ያለ ቦታ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ ጋቢ አልብሳችሁ፣ ቃለ ተውኔቱን በስልክም ቢሆን እንደገና ቅረጹት። ከዚያ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ ለብቻው አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ስትቆርጡና ስትቀጥሉ በሁለት ሾት መካከል የሚሰማውን ቀዳዳ የምትደፍኑት በእሱ ነው።