አዲስ ውሻ አምጥታችኋል? ስለ ሆድ ትል ጠይቁኝ

ውሻ ሳሳድግ ብዙ ዓመቴ ነው። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ከመጠለያ ያመጣናት ቡችላ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ጎድኗ ግን ይቆጠራል። ጥጋብ ነው?

ጥጋብስ አይመስለኝም። ቡችላ ከስታ ሆዷ ብቻ ከተነፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወስፋት ነው። የተቀቀለ ፓስታ ይመስላል፤ አንዳንዴ በትውከት ይወጣል። ብዙ ቡችሎችን ገና በእናታቸው ማህፀን ሳሉ ይይዛቸዋል፤ በጡት ወተትም ይተላለፋል። ስለዚህ መጠለያውን አትውቀሱ።

ጅራቱ ስር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር አየሁ። የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ዓይኔ ነው?

ዓይንህ ደህና ነው። የኮሶ ትል ቁራጭ ነው፤ ሲደርቅ ፀጉሩ ላይ እንደ ሰሊጥ ይለጠፋል። ውሻው ሲያሳክከው በጥርሱ ሲፎክት ቁንጫ ይውጣል፤ የኮሶው እጭ ያለው ደግሞ ቁንጫዋ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ውሻዬን ሁለት ጊዜ መድኃኒት ሰጥቼው ሁለቴም ኮሶው ተመለሰ። መድኃኒቱን ስረግም ከረምኩ። አንድ ቀን የሚተኛበትን ምንጣፍ ባነሳ፣ ለካ ቁንጫ ይርመሰመስበታል! ምንጣፉን በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ ውሻውንም ለቁንጫ ካሳከምኩት በኋላ ነው የተገላገልነው።

ዓይነ ምድሩ ላይ ምንም ትል የለም። ነፃ ነው ማለት ነው?

አይደለም። መንጠቆ ትል እምብዛም በዓይን አይታይም። ከንፈሩን ገለጥ አድርጊና ድዱን እዪ። ከነጣ፣ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ይህ ትል ደም መጣጭ ነው፤ ቡችላ ይገድላል። ድዱ ደህና ከሆነም ትኩስ ዓይነ ምድር ወስደሽ በማይክሮስኮፕ አስመርምሪለት።

ቤት ያለውን የሰው መድኃኒት ልስጠው?

ተው። መጠኑ የሚሰላው በውሻው ኪሎ ነው። ደግሞ ፒራንቴል ወስፋትንና መንጠቆ ትልን ያስወጣል እንጂ ኮሶን አይነካም፤ ለኮሶ ፕራዚኳንቴል ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት ስጡት የሚሏችሁንም አትስሙ፤ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል።

መድኃኒቱን በወሰደ ማግስት ትል በትል ሆነ። ልደንግጥ?

እሰይ በይ እንጂ! ካስመለሰው ወይም መብላት እምቢ ካለ ግን ለሐኪሙ ደውዪ። መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ የሚዞሩትን እጮች ስለማያገኛቸው ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገማል። ቡችላ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወሩ በየወሩ ይሰጠዋል።

መቀመጫውን መሬት ላይ ይጎትታል። ትል ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የፊንጢጣው ዕጢ ሞልቶ ነው።

ልጆች አሉን። ይይዛቸዋል?

ወስፋቱ ሊይዛቸው ይችላል፤ እጩ ዓይን ድረስ የሚሄድበት ጊዜም አለ። ደግነቱ እንቁላሉ እንደወጣ ወዲያው አይዝም፤ አፈር ላይ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ይቆያል። ዓይነ ምድሩን በየቀኑ አንሱ፤ ልጆቹም አፈር ነክተው ሲገቡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።