አለቃዎ ማን ነበር?

ልጆቼ፣

የምኖረው ቡራዩ ነው። አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ገብቷል፤ እኛ ግን ያው ቡራዩ ነው የምንለው። በደጄ የሚያልፈው አስፋልት ወደ ሆለታና አዲስ ዓለም ይወስዳል። አዲስ ዓለም በነበረው የጣሊያን ምሽግ ላይ በተደረገው ጥቃት የሸዋረገድ ገድሌ እጅ አለበት። ለአርበኞች መሣሪያና መረጃ ስታቀብል ተይዛ፣ ተገርፋ፣ ጣሊያን አገር እስካለው አዚናራ ደሴት ተግዛለች። ባጃጅ እየተጋፋችሁ በዚህ መንገድ ስትመላለሱ ይህን የነገራችሁ ሰው አለ?

ጡረታ የወጣሁት ከጥብቅና ነው። ወጣት ሳለሁ ግን ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር እንጀራዬን የምበላው። ዛሬ የምነግራችሁ በዚያ ዘመን ያበላሸሁትን ሥራ ነው።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት መጡ። የአርበኝነት መታወቂያና አበል የሚጠይቅ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ፈለጉ። በጣሊያን ጊዜ አህያቸው ላይ ገለባ ይጭናሉ። ከገለባው ሥር ጥይት አለ። ኬላ ላይ ሲደርሱ አህያዋን እየተራገሙ ያልፋሉ። ይህን ሲነግሩኝ ራሳቸው ሳቁ።

እኔ ብዕሬን ይዤ፣ «አለቃዎ ማን ነበር?» አልኳቸው።

«የምን አለቃ?»

«ምስክርስ?»

«ልጄ፣ ሥራው እኮ ማንም እንዳያውቅ ነበር።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው። የውስጥ አርበኛ ምስጢሩን ከጠበቀ ምስክር የለውም። ምስክር ካለው ደግሞ ተይዟል ማለት ነው። ስንቅ ያዘጋጁት፣ ቁስለኛ የደበቁት፣ ወሬ ያቀበሉት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ፎርሙ የሚጠይቀው ግን ጦር ግንባርና አለቃ ነው። ማንም «ሴት አይገባም» ብሎ አልጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገው። እርግጥ ጠመንጃ ያነሱም ሞልተዋል። ከበደች ስዩም ባሏ አበራ ካሳ ፍቼ ላይ ከተገደለ በኋላ ትግሉን ቀጥላለች። ልኬለሽ በያን ልጇን አዝላ ተዋግታለች። እነሱን እንኳ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ህንድ ውስጥ ለነጻነት ታጋዮች ጡረታ ሲሰጥ አንዱ መስፈርት ቢያንስ 6 ወር መታሰር ነው፤ ለሴቶች 3 ወር ተደርጓል። ማቃለሉ ደግ ነው። ግን አስቡት፣ ማን ታጋይ እንደነበረ የሚመሰክረው ያ የእንግሊዝ እስር ቤት መዝገብ ሆነ! ባንግላዴሽ ውስጥ ደግሞ ታራሞን ቢቢ የምትባል ሴት ነበረች። በአገሯ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ለተዋጊዎች ምግብ በማብሰል ጀምራ ጠመንጃ አነሳች። የጀግንነት ኒሻን የተወሰነላት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እሷ የሰማችው በ1995። 22 ዓመት ሙሉ የሚፈልጋት ጠፋ።

ስለዚህ አያቶቻችሁን ስትጠይቁ «ተዋግተዋል ወይ?» አትበሉ። «አይ፣ እኔ ምን ሠራሁ» ይሏችኋል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ማን ቤት ዱቄት እንደተፈጨ፣ ማን ጎተራ ውስጥ እንደተደበቀ፣ መልእክት በምን ተደርጎ እንደሚሄድ ጠይቁ። የጣሊያኑን ዘመን ያዩት አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ሴት ልጆቻቸው ግን አሁንም ቡና እያፈሉ ያወራሉ። ስልካችሁን አውጡና ቅዱ። ስም ከነአባት፣ የቦታ ስም፣ ዓመተ ምሕረት። «አንዲት ሴት» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ነገ ፎርም የምታዘጋጁትም እናንተ ናችሁ። ያቺ ቀይ ኮከብ ያለባት፣ ካልተሞላች አላሳልፍ የምትለው ሣጥን አለች አይደል? «የአዛዥ ስም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አዛዥ ያልነበረው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ወደ አሮጊቷ ልመለስ። እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ ነገሩ እንዲቀል «የአርበኛው የእገሌ ባለቤት» ብዬ ጻፍኩ። ባላቸው በእርግጥም ዘምተዋል፤ አለቃም ምስክርም ነበራቸው። አንብቤ ስጨርስ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ይሄማ የሱ ነው። የኔስ?» አሉኝ።

«እንዲህ ነው የሚያዋጣው፣ እማማ» አልኳቸው። ሒሳቤን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ከፈሉኝና ወረቀቱን አጥፈው ሄዱ። ጉዳያቸው የት እንደደረሰ አልተከታተልኩም።

የባላቸውን ስም እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ማመልከቻው ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። የሳቸውን ረስቼዋለሁ።