ሰባት ፊደል ያለው ስም ለምን «ረዘመ» ተባለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር የአዳማ ነዋሪ ስሆን፣ ማታ ማታ ድረ ገጽ መሥራትን ከመጽሐፍ እየተማርኩ ነው። ፒኤችፒን (የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋውን) እና ማይኤስኪውኤልን (የመረጃ ማከማቻ ዳታቤዙን) የሚያስተምረውን ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው የገዛሁት። ሳነብ ሁሉም ይገባኛል፤ ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። በዚያ ላይ ሁለት ነገሮች ግራ አጋብተውኛል። አንደኛ፣ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ኮድ አንዲት ነጥብ ሳላጎድል ብገለብጠውም፣ የጠራሁት ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) እንደማይታወቅ የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ከ20 ፊደል የበለጠ ስም የማይቀበል የመመዝገቢያ ቅጽ ያሠራል፤ ስሜን በእንግሊዝኛ ስጽፍ ይቀበላል፣ በአማርኛ «ገብረማርያም» ብዬ ስጽፍ ግን ስሙ ረዝሟል ብሎ ይመልሰኛል። ሰባት ፊደል እንዴት ከሃያ ይበልጣል? መጽሐፉን ልጣለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ስሕተቶች የእርስዎ አይደሉም። የመጀመሪያው የመጣው ከመጽሐፉ ዕድሜ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ደራሲው ሲጽፍ በአእምሮው ከነበረው ፊደል ነው።

በዕድሜው እንጀምር። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጾች ገልጠው የታተመበትን ዓመት ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከ2013 በፊት የታተመ ሳይሆን አይቀርም። «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» የሚባለው ፈንክሽንና ቤተሰቦቹ በፒኤችፒ 5.5 ላይ «ከእንግዲህ አትጠቀሙባቸው» የተባለባቸው በዚያ ዓመት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በወጣው ፒኤችፒ 7 ደግሞ ጨርሰው ተወገዱ። እርስዎ ኮምፒውተርዎ ላይ የጫኑት ከዚያ በኋላ የወጣ ስሪት ስለሆነ፣ መጽሐፉ የሚጠራውን ፈንክሽን ቢፈልግ አያገኘውም። የሚታየው መልእክትም ይህንኑ ነው የሚለው። መጽሐፉን ለማስደሰት ሲሉ አሮጌውን ስሪት ፈልገው እንዳይጭኑ አደራ እላለሁ፤ የደኅንነት ማስተካከያ ማግኘት ካቆመ ቆይቷል።

በምትኩ ዛሬ ፒኤችፒን ከዳታቤዝ ጋር ለማገናኘት የሚሠራባቸው ማይኤስኪውኤል-አይና ፒዲኦ ናቸው። ብዙ ጀማሪዎች በአሮጌው ስም መካከል «አይ» የምትለዋን ፊደል ጨምረው ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ በአዲሱ፣ መጠይቅን (ለዳታቤዙ የሚሰጠውን ትእዛዝ) የሚልከው ፈንክሽን መጀመሪያ የሚፈልገው ግንኙነቱን፣ ቀጥሎም መጠይቁን ስለሆነና በአሮጌው ግን መጠይቁ ይቀድም ስለነበር፣ አንድ ስሕተት ሄዶ ሌላ ይተካል። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ፒዲኦን ነው። ከቅጽ የመጣውን ጽሑፍ በመጠይቁ ውስጥ እንዳለ ከመቀጠል ይልቅ ቦታውን በስም ምልክት አድርጎ ዋጋውን ለብቻው መላክን ያስለምዳል። አሮጌ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ቀጥለው ያሳያሉ፤ ይህ ልማድ ክፉ ሰው በስም ሳጥን ውስጥ የራሱን ትእዛዝ ጽፎ ዳታቤዝዎን እንዲያዝበት በር ይከፍታል።

በነገራችን ላይ፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሽፋኑ ላይ «ፒኤችፒ 6» የሚል ካዩ አይደነቁ። ስሪቱ ሊወጣ ነው ተብሎ መጻሕፍት ቀድመው ታተሙ፤ እሱ ግን ሳይወጣ ቀረና ከ5 ቀጥታ ወደ 7 ተዘለለ። ሳይወጣ የቀረበት አንዱ ምክንያት ዩኒኮድን (የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት በአንድ የሚያካትተውን የኮምፒውተር ሥርዓት) ከሥረ መሠረቱ ለማስገባት የተጀመረው ሥራ ከባድ መሆኑ ነበር፤ የእርስዎ ሁለተኛ ጥያቄም እዚያው ላይ ያርፋል።

መጽሐፉ የስምን ርዝመት የሚለካው «ስትርሌን» በሚባለው ፈንክሽን ነው። ይህ ፈንክሽን የሚቆጥረው ፊደልን ሳይሆን ባይትን (ኮምፒውተር መረጃ የሚለካበትን ትንሽ አሃድ) ነው። በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ በባይት በሚጻፍበት ዘዴ) አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚይዘው አንድ ባይት ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚሠራ ደራሲ ሁለቱ ቁጥሮች ምንጊዜም እኩል ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያይበት አጋጣሚ አልነበረውም። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። ገ፣ ብ፣ ረ፣ ማ፣ ር፣ ያ፣ ም፦ ሰባት ጊዜ ሦስት ሃያ አንድ ይሆናል፤ ገደቡን በአንድ አለፈ ማለት ነው። «ኤምቢ ስትርሌን» በሚለው ፈንክሽን ቢተኩት ሰባት ብሎ ይመልሳል። በዚሁ ምክንያት ጽሑፍ የሚቆርጠውን «ሰብስተር» የተባለ ፈንክሽን ስሙን ከ10 ላይ እንዲቆርጥ ቢያዙት፣ «ገብረ» ይልና የአራተኛውን ፊደል አንድ ሦስተኛ ይዞ ይቀራል፤ እሷም ብራውዘሩ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር ዳይመንድ ሆና ትታያለች። ለእሱም «ኤምቢ» ተብሎ የሚጀምር አቻ አለው። ዳታቤዙንም ሲፈጥሩ የፊደል ዓይነቱን «ዩቲኤፍ-8-ኤምቢ-4» ያድርጉት፤ ማይኤስኪውኤል እስከ ስሪት 8 ድረስ ካልተነገረው በቀር የላቲን ፊደልን ብቻ የሚያውቅ ስለነበር፣ ያስገቡት የአማርኛ ስም ተራ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

መጽሐፉን አይጣሉት። ስለ ቅድመ ሁኔታ፣ ስለ ድግግሞሽ፣ ስለ ዝርዝርና ስለ ፈንክሽን የሚያወሩት ምዕራፎች በአብዛኛው ዛሬም ይሠራሉ። ስለ ዳታቤዝ የሚያወራውን ምዕራፍ ግን ለሐሳቡ ብቻ ያንብቡት፤ ኮዱን ከፒኤችፒ ይፋዊ መመሪያ ይውሰዱ። መመሪያው አንድ ፈንክሽን ከየትኛው ስሪት ጀምሮ እንደተወገደ በየገጹ ይናገራል።

ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል ላሉት፣ ነጥብ ሳያጎድሉ መገልበጥዎ ራሱ አንዱ ምክንያት ይመስለኛል። ሲገለብጡ ዓይን ይሠራል፣ እጅ ይከተላል፣ የሚወሰን ነገር የለም። አንድ ምሳሌ ሠርቶ ካዩ በኋላ መጽሐፉን ይክደኑና ያንኑ ከባዶ ፋይል ይጻፉት፤ የተሰናከሉበትን መስመር ብቻ ገልጠው ይዩ። ሲጽፉ ኪቦርዱ ወደ እንግሊዝኛ መመለሱን ያረጋግጡ፤ በእንግሊዝኛው ምልክት (;) ፈንታ በአማርኛ ድርብ ሰረዝ (፤) በተዘጋ መስመር የተነሣ ስሕተቱን ሲፈልጉ ማታውን ሙሉ ሊያሳልፉ ይችላሉ።

ለመጀመሪያ ልምምድ ያንኑ የመመዝገቢያ ቅጽ ይውሰዱ። መጽሐፉ ስምና የቤተሰብ ስም የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ሰጥቶዎት ይሆናል። እርስዎ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ወደሚል ይለውጡት፤ መልሱ በየትኛውም ገጽ ላይ የለም። ሦስተኛውን ሳጥን በቅጹ ላይ ብቻ ጨምረው መጠይቁንም ቢያስተካክሉ፣ የአያት ስም የሚባል ዓምድ በሠንጠረዡ ውስጥ እንደሌለ ዳታቤዙ ይነግርዎታል፤ ያን መልእክት ሲያዩ ቀጥሎ የቱን ፋይል መክፈት እንዳለብዎ ሳይጠየቁ ያውቁታል።